ሁለት ጮጮ ያስቀረጸኝ አሮጌ ፎቶ

ነጌሌ ውስጥ እንጨት ቤት ሞልቷል፤ እንጨት የሚያውቅ ግን እኔ ነኝ። ሰው ስለራሱ እንዲህ አይልም የሚሉ አሉ። ሌላ ሰው እስኪልልኝ ብጠብቅ ኖሮ እስካሁን ማንም ባልሰማ። ትምህርት ከአምስተኛ ክፍል ነው የተውኩት። እግሬ ነው ያስተወኝ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተቀምጦ አያውቅም። አስተማሪው አንድ ቀን ሲሰለቸው የተሰበረ ዴስክ አሳየኝና ካልተቀመጥክበት ጠግነው አለኝ። ጠገንኩት። ከዚያ የሌላውን ክፍል ዴስክ አመጡልኝ፣ ከዚያ የዳይሬክተሩን ወንበር፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመቱ አለቀና በዚያው ወጣሁ።

ሥራ የያዝኩት ሐጂ ጋ ነው። የሐጂ ወንድሞች ገበያ ውስጥ ጨርቅና ስኳር ይነግዳሉ፤ እሳቸው ብቻ ናቸው እንጨት የመረጡት። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በርና መስኮት ይሠራሉ። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። የሠራሁትን ጠርዝ በጥፍራቸው ይፈትሹና "ይከፈታል፣ ይዘጋል" ይላሉ። ምርቃታቸው ይሄ ነው። እኔ ደግሞ ከመከፈትና ከመዘጋት ያለፈ ነገር አምሮኛል። የአልጋ ራስጌ ላይ አበባ ስቀርጽ ካዩኝ፣ ሰውየው ሊተኛበት ነው ወይስ ሊያጭደው ብለው ይጠይቁኛል።

የቤተ ክርስቲያናችን በር ያን ጊዜ ላሜራ ነበር። ጥንት የነበረው ባለ ቅርጹ የእንጨት በር ከከተማው እኩል ነው ይባላል፤ ከክብረ መንግሥት በኩል በመጣ ዝግባ ነበር የተሠራው። ዝግባ ለስላሳ ነው፣ የነጌሌ ምስጥ ደግሞ ጾም አያውቅም። እኔ ሳልወለድ በልቶ ጨርሶታል። በላሜራው ግን ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ነፋስ ሲመጣ ከቄሱ እኩል ይቀድሳል። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ የሚሳም አይደለም፤ ቀትር ላይ የሳመው ከንፈሩን እዚያው ጥሎ ነው የሚሄደው።

አንድ በልግ ግቢው ውስጥ የነበረው ትልቁ ጥድ በነፋስ ወደቀ። ከጫካ ጥድ መቁረጥ ክልክል ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ዛፍም ቆሞ አይነካም፤ ይሄኛው ግን ራሱ ስለወደቀ ሽማግሌዎቹ ለበር ይሁን አሉ። ሲሰነጠቅ መሀሉ ተቦርቡሮ ተገኘ። ደህና የወጣው ሁለት ሰፊ ሳንቃ ብቻ ነው፤ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ፣ ውፍረታቸው አራት አራት ጣት። ሌላ የለም።

ቄሰ ገበዙ ሳንቃዎቹን በጋሪ አስጭነው ሐጂ ጋ መጡ። ከዕቃ ቤት የተገኘ አንድ ፎቶም ይዘዋል፤ የአሮጌው በር ፎቶ ነው። ሰው የሚፈልገው እንደ ድሮው ነው፣ ልክ እንደዚህ ይሁን አሉ። ሐጂ ፎቶውን አይተው፣ በሩን እኔ እሠራዋለሁ፣ የቅርጹን ትርጉም ግን እኔ አላውቅም፣ የማታውቀውን መቅረጽ ጥሩ አይደለም አሉ። እኔ ቆሜ ስሰማ ነበር። አፌ ከእግሬ ይብሳል።

"እኔ አውቀዋለሁ" አልኩ።

ቄሰ ገበዙ ወደ ሐጂ ዞሩ። ሐጂ መላጊያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፣ "ይሄ እንጨት ሁለተኛ የለውም። ካበላሸኸው አንተ እስክታረጅ የአልጋ እግር እየላግክ ትኖራለህ፣ እኔም በዚያ ግቢ ፊት አላልፍም። አሁንም ታውቀዋለህ?"

አውቀዋለሁ አልኩ። ሥራውን እንዲህ ነው የያዝኩት።

ፎቶው መዳፍ ያክላል። ጥቁርና ነጭ የነበረ ነው፣ አሁን የሻይ ቀለም ይዟል። ፎቶ አንሺው ባለ ሦስት እግር ሣጥን አቁሞ፣ ጭንቅላቱን ጨርቅ ውስጥ ከትቶ በሚያነሳበት ጊዜ የተነሳ ነው። በሩ ፊት ሙሽሮች ቆመዋል። ሙሽራው ወታደር ነው፤ ግራውን ሳንቃ በትከሻውና በባርኔጣው ጋርዶታል። ሙሽራይቱ ደቃቃ ናት፣ ወደ ባሏ ጠጋ ስላለች በእሷ በኩል ያለው ቀኝ ሳንቃ ከላይ እስከ ታች ይታያል። አናቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ አለ፤ ዙሪያውን የወይን ሐረግ ይዞራል፤ ታች ቀንዳቸው የተንሰራፋ በሬዎች፤ ወገብ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ርግቦች። ከርግቦቹ በላይ፣ በሰው ፊት ልክ፣ አንድ ነገር አለ።

ያን አንድ ነገር ሦስት ቀን አየሁት። ፀሐይ ላይ አየሁት፣ ጥላ ውስጥ አየሁት፣ ከሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽር ተውሼ አየሁት። ቁጭ ብዬ ሳይሆን እየዞርኩ ነው፤ ሐጂ ፎቶውን አስቀምጠህ ዙር፣ ወይ ዙረቱን ትተህ እይ አሉኝ። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ መስመር የሌለው ጥላ ነው። የእናቴ ወገኖች ቦረና ናቸው። እኔ ልጅ ሆኜ አንገቱ ጠባብ ሆዱ ሰፊ የሆነ አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው፤ ጮጮ፣ የወተት ዕቃ። እናቴ ቤት ግድግዳው ላይ በተርታ ተሰቅሏል። ልክ ነው፣ ጮጮ ነው አልኩ።

ቄሰ ገበዙን ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር። ግን አውቀዋለሁ ያለ ሰው በምን አፉ ይጠይቃል?

ቀረጽኩ። ወራት ፈጀብኝ። መብላቴን ሳላውቅ ነው ያለፈው። መሮ ስይዝ ብቻ እግሬ ዝም ይላል፤ ካስቀመጥኩት ወዲያ መንደር እዞራለሁ፣ ተመልሼ አየዋለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። ወይኑ ክርስቶስ ነው፣ ቅርንጫፎቹ እኛ ነን ብለው ቄሰ ገበዙ አንድ ቀን ነግረውኝ ሄዱ፤ እኔ ደግሞ ለሚመጣው ሁሉ ከራሴ ያመጣሁት አስመስዬ አወራሁት። ስለ በሬዎቹ ምንም ስላላሉኝ ራሴ ሞላሁት፤ ጌታ በበረት ሲወለድ በትንፋሻቸው ያሞቁት ናቸው አልኩ። ጮጮው ላይ ስደርስማ ሰባኪ ሆንኩ። ወተትና ማር የምታፈሰው ምድር ናት ይቺ ዕቃ እላለሁ። ግራው ሳንቃ ላይ በሙሽራው ትከሻ የተሸፈነው ምን እንደሆነ ስለማይታይ ሁለተኛ ጮጮ አደረግኩበት። ለምን ሁለት ሆነ ለሚለኝ፣ አንዱ ብሉይ አንዱ ሐዲስ ብዬ እመልሳለሁ።

ጮጮዎቹን ግን እንዴት አድርጌ ሠራኋቸው መሰላችሁ። ከሳንቃው ሁለት ጣት ወጥተው የቆሙ ናቸው፤ ክዳናቸው፣ ማንጠልጠያ ጠፍራቸው፣ ስፌታቸው ሳይቀር ይታያል። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እነሱን የሚያክል የለም። በገበያ ቀን ከብት ሊሸጡ የመጡ ቦረናዎች እንጨት ቤታችን ደጃፍ ቆመው ያያሉ። አንዱ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ አካም ጅርታ ብለው ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ፣ "ኩን ጮጮ ሚቲ?" አሉኝ፤ ይሄ ጮጮ አይደለም ወይ ማለታቸው ነው። ነው አልኳቸው። ጎረቤታቸውን ጠርተው አሳዩ። በሚቀጥለው ገበያ ከሩቅ ቀበሌ ጮጮ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሐጂ ቀና ሳይሉ ይልጋሉ።

አልቆ ዘይት ሊቀባ ሲል ቄሰ ገበዙ መጡ። ፀሐይና ጨረቃውን ወደዱ፣ ወይኑን ወደዱ፣ በሬዎቹን ወደዱ። ጮጮዎቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እሳቸው ነጌሌ የመጡት አሮጌው በር ካለቀ በኋላ ነው፤ አላዩትም። ፎቶውን ከሳንቃው ጋር እያስተያዩ ብዙ ቆዩና፣ እኔ ነው ወይም አይደለም ማለት አልችልም አሉ። በዚያ በር የገባች፣ በሕይወት ያለች አንዲት እናት ግን አውቃለሁ አሉ። ፎቶው ላይ ያለችው ሙሽራ ናት። ባሏ ካረፈ በኋላ ክብረ መንግሥት ልጇ ጋ ነው የምትኖረው። ሂድና ጠይቃት፣ ልክ ነው ካለች በዓለ ንግሡ ሳይደርስ እንሰቅለዋለን፣ አይደለም ካለች ግን አንሰቅለውም።

በማግስቱ ጠዋት ክብረ መንግሥት በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈርኩ። ኮረኮንቹን ጉዳዬም አላልኩት፤ የበሩን ሞገስ ለረዳቱ ሳወራለት ሄድኩ። ረዳቱ ይሄን ሁሉ አንተ ብቻህን ሠራህ ሲለኝ፣ ሐጂ መላጊያ አውሰውኛል አልኩት።

እማማን ልጃቸው ቤት ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎብጠዋል፤ ቀና ብለው ሊያዩኝ አንገታቸውን ወደ ጎን መስበር ነበረባቸው። ከነጌሌ ነው የመጣሁት ስል እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። ፎቶውን ሰጠኋቸው። ዓይናቸው አጠገብ አድርገው አዩት፣ ከዚያ በጣታቸው ባላቸውን ነኩ። ፎቶ አንሺው ትንፋሽ አትተንፍሱ ስላለን ባሌ ሊወድቅ ደርሶ ነበር፣ ለዚያ ነው እጁን የያዝኩት እንጂ ፍቅር እንዳይመስልህ ብለው ነገሩኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ስለ በሩ ነገርኳቸው፤ ፀሐይና ጨረቃውን፣ ርግቦቹን፣ ሁሉንም። እሱ ነው፣ እሱ ነው ይላሉ። ልቤ ሞላ። ጣታቸውን ያ ነገር ላይ አሳረፉ።

"እዚህ ጋስ ምን አደረግክ?"

"ጮጮ፣ እማማ።"

"ምን?"

"ጮጮ ነዋ፣ የወተት። ሁለቱም ላይ።"

መጀመሪያ ያልሰሙኝ መሰለኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር። ልጃቸው ምን ሆናችሁ ብላ ከውስጥ ወጣች። እማማ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው እንዲህ አሉኝ።

"ልጄ፣ እዚያ መስቀል ነበር። በዚያ በኩል የምንገባው እኛ ሴቶች ነን። ልጇ የታመመባት ትስመዋለች፣ ዝናብ የጠፋባት ትስመዋለች፣ ባሏ ዘመቻ የሄደባት ትስመዋለች። እናቴ እንዲያ፣ አክስቶቼ እንዲያ። እኔ ስዳር አልቆ ነበር። ከላይ ትንሽ ቀርቶ ታቹ ሰፍቶ ጎድጉዶ ነበር። በከንፈራችን ነው የጨረስነው።"

"የወንዶቹስ?" አልኩ።

"የወንዶቹማ መስቀል ምን ይሆናል። ግንባራቸውን ነካ አድርገው ነው የሚገቡት። እሱ እስከ መጨረሻው ከነጠርዙ ነበር።"

ፎቶውን መለሱልኝ። ታዲያ መስቀሉን ትሠራዋለህ አይደል አሉኝ። ሳንቃው ሁለት ብቻ እንደሆነ፣ ተቀርጾ እንዳለቀ፣ ሌላ ጥድ እንደሌለ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። "ቀላል ነው እማማ" ብሎ ወጣ። ልነሳ ስል እንደገና እጄን ያዙ።

"ወፍራም አድርገው እሺ? ቶሎ እንዳንጨርሰው።"

ስመለስ አይሱዙው ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ከኋላ ከፍየሎቹ ጋር ብረቱን ይዤ ቆሜ መጣሁ። መቼም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ልዋሽ አስቤ ነበር። ማን ያውቃል? የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልክ ነው አሉ ብል ቄሰ ገበዙ ያምኑኛል፤ እማማ አርጅተዋል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ በሩ ይሰቀላል፣ እኔም ዋና ባለሙያ ተብዬ እኖራለሁ። ውሸቱን አራት ዓይነት አድርጌ አዘጋጀሁት፣ አንዱን ለፍየሎቹ ሞክሬው ጥሩ ነበር። ግን በሩ ከተሰቀለ በኋላ ያለውን አሰብኩት። የታመመ ልጅ ያዘለች ሴት መጥታ ጮጮ ስትስም። ክዳኑን። የእኔን ክዳን። ወተት ልትጠጣ የመጣች ነው የምትመስለው። አንዷ፣ ሁለቷ፣ የከተማው ሴት ሁሉ፣ ዕድሜዬን ሙሉ፣ እኔ ዳር ቆሜ ሳይ። አንድ ቦታ መኪናው ሲቆም ወረድኩ፣ ልራመድ ብዬ። ሾፌሩ ጥሎኝ ሊሄድ ነበር።

ነጌሌ ከሰዓት ደረስኩ። ሐጂ ዐሥር ሰዓት ሶላታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ እንጨት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። እንዳለ ነገርኳቸው፤ ስለ ውሸቶቹም ጭምር። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። ሳንቃው ጋ ሄደው በጥፍራቸው የጮጮውን ሆድ ፈተሹ።

"ይሄ ከሳንቃው ስንት ጣት ወጥቷል?"

"ሁለት።"

"መስቀል ስንት ይበቃዋል?"

ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። እንጨቱ አልጠፋም፣ ጮጮው ውስጥ ነው ያለው። ጮጮውን ብፈልጠው ሆዱ ውስጥ መስቀል ይወጣል፣ ያውም ወፍራም። እኔ ጌጥ ወዳድ ሆኜ ሁለት ጣት ባላወጣው ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ይሄን ለሐጂ ስል፣ በጥፋትህም ልትኮራ ነው አሉኝ። ከዚያ መጀመሪያ ቄሱ ጋ ሂድ አሉ፤ የሰው በር ባለቤቱ ሳያውቅ አይፈለጥም።

ቄሰ ገበዙ ደጀ ሰላሙ ላይ ነበሩ። ሁሉንም ሰሙ። ብትዋሽ ማንም አያውቅም ነበር እኮ አሉኝ። እኔ አውቃለሁ አባ አልኳቸው።

"አንተማ የማታውቀው ምን አለ" አሉ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ጺማቸው ረጅም ስለሆነ አያስታውቅም። አስተካክለው አሉኝ። ግን ስለ ጮጮው ለሰው ሁሉ ሰብከሃል፣ ሄደህ አንድ በአንድ ትመልሳለህ፣ ለበዓሉም እናቲቱን እናስመጣታለን፣ የምትፈርደው እሷ ናት አሉ።

በገበያ ቀን ደጃፍ ቆሜ መለስኩ። በጣም ከባድ ሥራ ነው፤ ሰው ስታወራ አንዴ ይሰማሃል፣ ስትመልስ ግን ድገመው ይልሃል። ጎረቤቱ ሻይ ቤት ያሉት ብሉይና ሐዲስ ብለው ስም አወጡልኝ፤ አንዳንዱ እስካሁን ብሉይ ይለኛል። እነዚያ የቦረና ሽማግሌ ሲሰሙ ድንጋይ ፈልገው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ስፈልጠው ሊያዩ ነው። መሮውን ክዳኑ ላይ አሳርፌ መዶሻ ሳነሳ፣

"ቆይ" አሉኝ። "ዕቃ ሲሰበር መጀመሪያ ወተቱ ይገለበጣል።"

በቦታው የነበረው ሁሉ ሳቀ፣ ሐጂ ጭምር። እኔም ሳቅኩና መታሁት። ስፌቱ ሄደ፣ ጠፍሩ ሄደ። የመጀመሪያው ቀን ምሳ አልበላሁም፣ ሁለተኛውን ጮጮ ስጀምር ግን እጄ ለመደ። መስቀሎቹን ወፍራም አደረግኳቸው። የሴቶቹን ከወንዶቹ ግማሽ ጣት አስበልጬ አወጣሁት። ሲያልቅ ሐጂ ጥፍራቸውን በጠርዙ ዙሪያ አዙረው ብዙ ቆዩ። "ይከፈታል፣ ይዘጋል" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በሩ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ተሰቀለ። በዋዜማው እማማ ከልጃቸው ጋር መጡ። ቄሰ ገበዙ ሰው ሁሉ ራቅ እንዲል አደረጉና እማማን በሩ ፊት አቆሟቸው። እኔ ከግንብ አጥሩ ጥግ ነበርኩ። አንዴ ጫማዬን አስራለሁ፣ አንዴ እፈታለሁ። እማማ አንገታቸውን ሰብረው ወደ ላይ አዩ፣ ከዚያ በእጃቸው ወይኑን ተከትለው ወረዱ፣ በሬዎቹን ነኩ፣ ተመልሰው ወጡ። መስቀሉ ላይ ለመድረስ ክንዳቸውን ሙሉ መዘርጋት ነበረባቸው። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"በራችን ነው?" አሏቸው ቄሰ ገበዙ።

"አይደለም" አሉ እማማ። "የእኛ አርጅቶ ነበር። ይሄ ገና ነው። ይሁን።"

ያኔ ነው እግሬ የቆመው። ከዚያ እማማ ሊስሙ ጠጋ አሉ፣ እኔም ጠጋ አልኩ። ፎቶው ላይ ሙሽራ ሆነው ሲቆሙ መስቀሉ ከፊታቸው እኩል ነበር፤ እኔም ልክ በፎቶው ለክቼ ነው ያስቀመጥኩት። አሁን ግን ጎብጠዋል። ልጃቸው ልትደግፋቸው ስትል ተዪኝ አሏትና እዚያው በቆሙበት ከንፈራቸው የደረሰበትን ሳሙ፤ ከርግቦቹ የአንዷን ክንፍ። ርግቦቹን ደግሞ ስስ ነው ያደረግኳቸው፣ አንድ ጣት እንኳ አይሞሉም። ከኋላቸው የቆሙት አሮጊቶችም አንድ በአንድ እየመጡ ያንኑ ክንፍ ሳሙ።

እማማ ከፍ በሉ ልላቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ቄሰ ገበዙ አይተውኝ ተው በሚል ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ዝም አልኩ።